2,350 ወይስ 11,172? የኮሪያ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ያገኘው በፉከራ አይደለም

ወገን፣ ስለ ፊደላችን መፎከር ላይ ማንም አይችለንም። «የራሳችን ፊደል አለን» ብለን እንለጥፋለን፣ ላይክ ይዘንባል፣ በቃ። ግን አንድ ፊደል ስልካችሁ ላይ እንዲወጣ ማን ምን እንደሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ የኮሪያዎቹን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ንጉሥ ሴጆንግ ሀንጉልን ለሕዝቡ ያወጀው በ1446 ነው። የፊደሉ ጥበብ አገጣጠሙ ላይ ነው። መነሻ ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ካለም መድረሻ ተነባቢ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገጠሙና አንድ ቀለም ይሆናሉ። መነሻው 19፣ አናባቢው 21፣ መድረሻው 27 ነው፤ መድረሻ የሌለውም ስላለ 28 በሉት። አባዙት፦ 11,172።

ኮምፒውተር ግን ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ካልተሰጠው የለም ማለት ነው። እና በ1987 የወጣው የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ ደረጃ ለሀንጉል ቀለሞች ስንት ቦታ ሰጠ? 2,350 ብቻ! ለቻይና ፊደላት ደግሞ 4,888። ልብ በሉ፣ በገዛ አገሩ ደረጃ ነው ይሄ የሆነው። «የሚዘወተሩት እነዚህ ናቸው፣ ሌላው ይቅር» እንደማለት ነው። ውጤቱስ? «ቶም» ተብሎ ጠበቅ አድርጎ የሚነበብ ቀለም ከሠንጠረዡ ስለቀረ፣ በሱ የሚጀምር የአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ርዕስ እንኳ በደረጃው አልጻፍ አለ።

ሌላ መንገድ ነበር፣ ጆሃብ የሚባል። ቀለሞቹን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ ለመነሻው፣ ለአናባቢውና ለመድረሻው አምስት አምስት ቢት ሰጥቶ ያገጣጥማል። አንድም ቀለም አይቀርበትም። በ1992 እሱም የብሔራዊ ደረጃው አባሪ ሆኖ ገባ።

ዓለም አቀፉ ዩኒኮድም መጀመሪያ የያዘው እነዚያኑ 2,350 ነበር። በ1996፣ በዩኒኮድ 2.0፣ 11,172ቱም በተርታ ገቡ። የድሮው ቦታ ተሰርዞ ሁሉም ወደ አዲስ ቦታ ተዛወሩ። ዋጋ ነበረው፤ በድሮው ቁጥር የተቀመጠ ጽሑፍ በአዲሱ አይነበብም። ከዚያ ወዲህ ዩኒኮድ ቁጥር የተሰጠውን ፊደል ከቦታው አያነሣም።

አሁን ተርታው በሒሳብ ይሄዳል። የ«ሀንጉል»ን የመጀመሪያ ቀለም «ሀን»ን እንውሰድ። ከዜሮ ስንቆጥር መነሻው 18ኛ፣ አናባቢው 0፣ መድረሻው 4ኛ ነው። 18 በ21፣ ከዚያ በ28 አባዙ፣ 4 ደምሩ፣ መነሻ ቁጥሩን 44,032 ጨምሩበት፦ 54,620። ሀን ማለት ይሄ ነው።

የኛስ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ለ 4616፣ ሉ 4617፣ ሊ 4618 እያለ ይቀጥላል። ግን ያኔ ሁሉም ቋንቋዎቻችን አልተሟሉም። በ2005 ተጨመረ፣ በ2010 ተጨመረ፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ፊደላት ደግሞ በ2021 ገቡ። እስከዚያ ድረስ የራሱን ቃል በትክክል መተየብ ያልቻለ ወንድም፣ ያልቻለች እህት ነበረችን ማለት ነው። «የራሳችን ፊደል» ስንል እነሱንም ቆጥረን ነበር?

«ሥራ በሌለበት አገር የፊደል ቁጥር ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፣ ጥያቄው ይገባኛል። ግን ዩኒኮድ ላይ ሐሳብ ለማቅረብ ደመወዝም ሹመትም አይጠየቅም፤ በማስረጃ የተደገፈ ጽሑፍ ነው የሚጠየቀው። ጊዜው አለን፣ እውቀቱም ከመሃላችን አይጠፋም።

ሀንጉል ከ2,350 ወደ 11,172 የደረሰው የጎደለውን ቆጥሮ፣ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ስብሰባ ገብቶ የሚከራከር ስላገኘ ነው። ስለዚህ ነገ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ የአያታችሁን ቋንቋ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የማይወጣ ፊደል ካለ መዝግቡት። ትግሉ እዚያ ጋ ይጀምራል።