ጀበናው ሲደፋ

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ቶናው ሳይቀዳ የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ማቶቱን ገፋው፤ ጀበናው ተደፍቶ ትኩሱ ቡና ክንዱ ላይ ፈሰሰ። አንዷ «ቅቤ አምጡ!» ስትል ሌላዋ የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ሮጠች። እማማ ግን «ቅቤውን ለወጥ አስቀምጡት» ብለው ልጁን አቅፈው ወደ ቧንቧ ወሰዱት።

እማማ ትክክል ነበሩ። ቆዳችን ሦስት ሽፋን አለው። የላይኛው በጣም ስስ ነው፤ ሆኖም ተህዋሲያን እንዳይገቡ፣ የሰውነት ውሃም እንዳይወጣ የሚከላከለው እሱ ነው። በመካከለኛው የደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ የላብ ዕጢዎችና የፀጉር ሥሮች ይገኛሉ። ከሥሩ የስብ ሽፋን፣ ቀጥሎም ጡንቻ አለ። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ይሳሳል። ስለዚህ የእናንተን እጅ የሚያቀላ ትኩስ ነገር የሕፃኑን መካከለኛ ሽፋን ሊጎዳ ይችላል።

ቡናው ከፈሰሰ በኋላም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን አያቆምም። ቅቤና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አፍነው ይይዙታል፤ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። በረዶ ደግሞ የደም ሥሮችን አጥብቦ ጉዳቱን ያብሳል። የሚበጀው ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ በቀስታ ማፍሰስ ይቻላል። እብጠት ሳይጀምር ልብሱንና አምባሩን አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠብቁ ሸፍኑና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በተለይ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ ፈጽሞ አትዘግዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተቃጠለው ቦታ ነጥቶ ወይም ከስሎ ልጁ «አያመኝም» ቢል፣ ደህና ሆነ ብላችሁ አትዘናጉ። የሕመም ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ራሳቸው ተቃጥለው ሊሆን ይችላል። ዝም ያለ ቃጠሎ ከሚያስለቅሰው ይብሳል።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ክንድ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ታክሞ በሁለት ሳምንት ዳነ። አሁን እማማ ቤት አዲስ ደንብ ወጥቷል፦ ልጁን የሚይዝ ሰው ሳይመደብ ጀበና አይጣድም።