የቧንቧ መጋዝ ምርጫ
በደሃና ወረዳ ደጋና ሸለቆ የምንጭ ውኃን ወደ መንደር የሚያወርደውን በዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ እየለካ የሚቆርጥ የእደ ጥበብ ሰው፣ መሣሪያውን በአህያ ጭኖ ከአምደወርቅ ከተማ ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰበት ቀበሌ መሄድ ግድ ስለሚሆንበት፣ በከተማ ሱቅ ፍጥነቱ የሚወደስለት ግራይንደር ለእርሱ የሚበጅ ሆኖ አይታየኝም። የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ እስከ 80 ሜትር እየከነፈ ብረቱን በቅጽበት ቢከፍለውም፣ ሙቀቱ ከዝገት የሚጠብቀውን ልባስ ያቃጥላል፤ ጢሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው፤ ፍንጣሪውም በበጋ የደረቀውን ሣርና የገበሬውን ክምር ለእሳት ያጋልጣል። እንደ ቀበቶ የሚዞር ምላጭ ያለው የባትሪ መጋዝ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ከዚህ ሁሉ ነውር በእጅጉ የነጻ ነው፤ ዋጋው ግን (ይህን ሳልናገር አላልፍም) የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ኪስ የሚችለው አይደለም፤ ባትሪውም ያለ መብራት አይሞላም። ስለዚህ ብዙዎች የሚንቁትን የእጅ መጋዝ፣ ሴጌቶን፣ አስቀድማለሁ፤ ብቻ ምላጩ በማስተዋል ይመረጥ፤ በቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ላይ ቢያንስ 3 ጥርሶች በአንድነት ካላረፉ ጥርሱ እየተሰናከለ ይረግፋልና፣ ግድግዳው 2.6 ሚሊሜትር ለሆነው መካከለኛ ደረጃ የግማሽ ኢንች ቧንቧ በኢንች 32 ጥርስ ያለው፣ 3.6 ሚሊሜትር ለሆነው ባለ 2 ኢንች ደግሞ 24 ጥርስ ያለው ምላጭ፣ ጥርሱ ወደ ፊት እንዲያይ ሆኖ ጠብቆ ይታሰር።