ጥፋቱ የጆሮ ነውን?

ጌጥ የሚደረገው ለደስታ ነው፤ ሕመም የሚያመጣ ከሆነ ግን ጌጥነቱ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። ይህንንም የምጽፈው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ጆሮ ከደረሰው ተነሥቼ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለበዓል ከገበያ የተገዛልኝን ወርቅ ቅብ ጉትቻ አደረግሁ። በማግሥቱ ጆሮዬ ቀላ፤ አሳከከኝ፤ ቀጥሎም ውኃ ቋጠረ። እናቴ ቀዳዳው ቆሽሾ ይሆናል ብላ በጨው ውኃ አጠበችልኝ። ጓደኞቼ ግን «የእርሷ ጆሮ ርካሽ ነገር ይንቃል» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ወላጆቼን ለወርቅ ወጪ እንዳልዳርግ ፈርቼ ሕመሜን ሸሸግሁ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ባየኝ ጊዜ ጥፋቱ የጆሮዬ ሳይሆን በጉትቻው ውስጥ ያለው ኒኬል የሚባል ብረት መሆኑን ነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅቡ ሲላጥ ላብ ኒኬሉን በጥቂቱ እያሟሟ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። ሰውነትም እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ ማሳከኩና መቅላቱ የዚህ ውጊያ ምልክት ነው። ይህ አለርጂ አንድ ጊዜ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም፤ ከዚያ በኋላ የቀበቶ ዘለበትና የሱሪ ቁልፍ እንኳ ሊያሳክክ ይችላል።

ነገር ግን መከላከል ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴንማርክ በ1990 ኒኬል በሚለቅ ጌጥ ላይ ገደብ አደረገች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ1994 ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። ከዚያም ወዲህ በዴንማርክ ጆሯቸውን በተበሱ ወጣት ሴቶች ዘንድ ይህ አለርጂ ቀንሶ ታይቷል።

«ታዲያ ወርቅ መግዛት ያልቻለ ምን ያድርግ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ርካሽ ጌጥ ይቅር አልልም፤ ከምን እንደ ተሠራ ይነገረን እላለሁ እንጂ። ነጋዴ ይህን ጽፎ ቢለጥፍ፣ ገዢም ሳይጠይቅ ባይገዛ ብዙ ሕመም ይቀር ነበር። ነጭ ወርቅ እንኳ አንዳንዱ ኒኬል ስላለበት መጠየቅ ያሻል።

ወላጆችም የሕፃን ልጃቸውን ጆሮ ሲያስበሱ የመጀመሪያው ጉትቻ ኒኬል የሌለበት ይሁን፤ ካልተገኘም መብሳቱ ይቆይ። እኔም ወላጆቼን ለምኜ የታናሽ እኅቴን ጆሮ መብሳት አስቆይቻለሁ። የእኔ ጆሮ ትምህርት ሆኗታልና።

እናንተም ጓደኞቼ ሆይ፣ ጆሮዋ የቀላ ልጅ ብታዩ አትሳቁባት፤ ጉትቻዋን እንድታወልቅ ምከሯት።