«አይቼዋለሁ» አትበሉኝ

ሐሙስ ዕለት አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ልቦለድ አተራረክ እያስተማርኩ ድንገት ወደ ፊልም ገባንና «‹ጤዛ›ን ያየ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰባት እጅ ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የኃይሌ ገሪማን ፊልም፣ ያውም እነሱ በተወለዱበት ሰሞን የወጣውን፣ ሰባት ልጅ አይቶታል! «በሉ እስቲ፣ መጨረሻው ላይ ምን ተሰማችሁ?» አልኩ። ዝም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የሚቀመጠው አንዱ ተነሣና «ቲቸር፣ እኔ እንኳን በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው ያየሁት፤ ግን ታሪኩ ገብቶኛል» አለኝ። የቀሩትን ጠየቅኳቸው። ከሰባቱ ስድስቱ ያዩት ያንኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሰባተኛዋ «እኔ ደግሞ እሷ ነግራኝ ነው» ብላ ጎኗ ያለችውን ልጅ አሳየችኝ።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልናደድ ነው፣ ታገሡኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ሰው ፊልሙን ይወስድና ቆራርጦ ከላይ ድምፁን ይጭንበታል። ከዚያ በጥድፊያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላችኋል። «ይህ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ራሱን በማያውቀው ቦታ አገኘው...» ብሎ ይጀምራል። ባለታሪኩ ስም ቢኖረውም ባይኖረውም «ይህ ሰው» ነው። ሴት ከሆነች «ይህች ልጅ»። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢበዛ ሃያ። ስልካችሁን ከፍታችሁ ምሳ እየበላችሁ ትሰሙታላችሁ። ሲያልቅ «አይቼዋለሁ» ትላላችሁ።

አላያችሁትም። ተነገራችሁ እንጂ።

«ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት አገኘ። ኃይሌ ፊልሙን እዚያ ለማድረስ 14 ዓመት ያህል እንደፈጀበት ይነገራል። 14 ዓመት! እኛ አሥራ አንድ ደቂቃ አደረግነው።

የደቂቃው ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ ባልኩ። ሌላ ነገር አለ። ከሐሙሱ በኋላ ያንን አሥራ አንድ ደቂቃ ራሴ ፈልጌ አየሁት፤ ከዚያ ዓርብ ማታ ባለቤቴና ልጄ ከተኙ በኋላ ፊልሙን ሙሉውን እንደገና ተመለከትኩ። ተራኪው ታሪኩን አስተካክሎታል። «መጀመሪያ ጀርመን ሄዶ ተማረ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ በመጨረሻ እናቱ ጋ ገባ»። ቀጥ ያለ መንገድ። ፊልሙ ግን እንደዚያ አይደለም። አንበርብር እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ ትዝታው የተሰባበረ ነው። ጀርመንም፣ የደርግ ዘመን አዲስ አበባም፣ ልጅነቱም እየተቆራረጡ ነው የሚመጡበት፤ እኛም እንደሱ እየተደናበርን ነው የምናየው። መደናበሩ ነው ፊልሙ። የዚያ ትውልድ ጭንቅላት ምን እንደሆነ በወሬ ሳይሆን በራሳችን ጭንቅላት እንድንቀምሰው ነው ሰውየው የደከመው። ተራኪው ያንን አቃንቶ ሲሰጣችሁ ፊልሙን አሳጠረው ማለት አይቻልም፤ ሌላ ነገር ነው የሰጣችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ጤዛን ልተወው። አንበርብር መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የመንደሩን ልጆች ሊያስተምር ይቆማል። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ አብዮት፣ ያ ሁሉ ደም አልፎ ሰውየው የቀረለት ጥቁር ሰሌዳና ሕፃናት ናቸው። እኔ በዲፕሎማ ጠመኔ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እንዴት እንደምሆን አትጠይቁኝ። ተማሪዎቼ ያዩት ትረካ ውስጥ ይቺ ነገር የለችም። ምክንያቱም በታሪኩ ላይ «ምንም አትጨምርም»።

ቅዳሜ መርካቶ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ «ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ስንቶቻችን ነን ይህን ቃል ስንጠራ ሲኒማ መሆኑ ትዝ የሚለን? ለእኛ ሲኒማ ራስ ማለት መውረጃ ነው። ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ እዚያ ያልፋል፣ ጫማ የሚገዛ እዚያ ይወርዳል፣ ተሸካሚው «ዞር በል» እያለ ይገፋሃል። ስሙ ግን ፊልም ነው። ከተማችን ውስጥ ሰው ፊልም ለማየት ተሰልፎ የቆመበት ቦታ ስለነበረ ነው ስሙ ቤቱን አልፎ ለሰፈሩ የተረፈው። ቤቱ በኋላ ራስ ቴአትር ተባለ፤ ሰፈሩ ግን ሲኒማ ራስ እንዳለ ቀረ።

እዚያው አካባቢ አንድ ትንሽ ሱቅ ገብቼ ፍላሼን ሰጠሁና ፊልም ጫንልኝ አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ትርጉም ነው ኦሪጂናል?» አለኝ። «ኦሪጂናል»። «ሙሉውን ነው ወይስ በአጭሩ?»

ሲኒማ ራስ ቆሜ «ሙሉውን ነው ወይስ በአጭሩ» ተባልኩ!

አባቴ ቢሰማ ምን ይል ይሆን አልኩ። አባቴ «ማዘር ኢንዲያ»ን በወጣትነቱ ሲኒማ ራስ ነው ያየሁት ይላል። አጎቴ ደግሞ «አዲስ ከተማ ሲኒማ ነው፣ አብሬህ ነበርኩ» ብሎ ይሟገተዋል። የቱ ጋ እንዳዩት ሳይስማሙ ሊሞቱ ነው። በሁለት ነገር ግን ይስማማሉ። አንደኛ፣ ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ሁለተኛ፣ አንዲት የህንድኛ ቃል አያውቁም ነበር። የሚተረጉምላቸው አልነበረም። የአማርኛ ጽሑፍም አልነበረም።

ታዲያ ምን ገባችሁ ብዬ ስጠይቀው አባቴ ታሪኩን አይደለም የሚነግረኝ። እናትየዋ ሞፈርና ቀንበሩን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት ያሳየኛል፤ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ሳሎን ውስጥ። ስለ አምባሩ ይነግረኛል። አራጣ አበዳሪው የወሰደው የእናቱ አምባር ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዴት እንደበላው፣ እናትየዋ በገዛ እጇ ስትተኩስበት አምባሩ እንዴት በደሙ ተለውሶ እጇ እንደገባ። እዚህ ላይ ሲደርስ ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ ከአጎቴ ጋር ክርክር ይጀምራሉ፦ እናት ልጇን መግደል ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? ከሃምሳ ዓመት በኋላ!

እንግዲህ አስቡት። አባቴ ምንም ሳይነገረው ሁሉንም አየ። የእኔ ተማሪ ሁሉም ተነግሮት ምንም አላየም።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለሆናችሁ መከራከር ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ቲቸር፣ ትርጉም ባይኖር እንግሊዝኛ የማይችለው ሕዝብ ምን ይሁን?» ትርጉምን መቼ ተቃወምኩ! ቃና በ2008 ሲጀምር የእናቴ ቤት የቱርክ አገር ሆኖ ነበር። ያኔ ብዙ ባለሙያዎች «የአገራችንን ሥራ ገደለው» ብለው ጮኹ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን እናቴ ክፍል በክፍል፣ ማታ በማታ፣ ተዋናዩ ሲያለቅስ አብራ እያለቀሰች ነው ያየችው። የአማርኛ ድምፅ መስጠት ፊልሙን አይቆርጠውም። ትርጉም እና ማሳጠር ለየብቻ ናቸው።

«ጊዜ የለንም፣ ገንዘብ የለንም።» ገንዘቡን እቀበላለሁ። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ስለ ሲኒማ መግቢያና ስለ ትራንስፖርት አያስተምረኝም። ቤት ማየት ግን ሲኒማ አያስከፍልም። ጊዜውን ደግሞ አልቀበልም። ያ ልጅ አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ አይደለም ያየው፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣለትን ሌላ አሥር ፊልም «በአጭሩ» አይቷል። ሁለት ሰዓት አልቋል። በሁለት ሰዓት አንድ ፊልም ማየት ሲችል አሥር ፊልም ሳያይ ቀረ።

«የአማርኛ ፊልም ራሱ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ አይገባውም።» ይቺኛዋ ታመኛለች፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አላት። ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር አንድ ሲኒማ ቤት ገብተን ነበር፤ የፊልሙንም የቤቱንም ስም አልጠራም። ሀብታም ቪላ፣ ደሃ መስሎ የገባ ሀብታም፣ ካፌ ውስጥ ሃያ ደቂቃ የሚያወሩ ሰዎች፣ ድንገት መኪና አደጋ። የምታውቁት ነው። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ አጠገባችን ያለው ሰውዬ ስልክ አንሥቶ ስለ ሲሚንቶ ተነጋገረ። ፊልሙ ደካማ ነው፣ በቃ። ግን ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ልጅቷ ስትታለል «ውይ! አትመኚው አንቺ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እሳቸው በጮኹ ቁጥር እየሳቅን፣ እየተከራከርን፣ መጥፎውን ፊልም ጥሩ ምሽት አደረግነው። ስንወጣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር በር ላይ ቆመን ፊልሙን ስናማ አመሸን። መጥፎ ፊልም እንኳን መጥፎ መሆኑን ለማወቅ መታየት አለበት። ደግሞ ካሜራ የያዘው፣ መብራት የተሸከመው፣ ሜካፕ የሠራችው ልጅ የሚበሉት ከዚያ ትኬት ነው። ሳናያቸው «አይረቡም» እያልን በልምምድ ይሻሻላሉ ብለን መጠበቅ ደግሞ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ጥሩውም አለ እኮ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እሁድ ከልጄ ጋር ቤት አየነው። «አንድ ልጅ በጉ ለበዓል እንዳይታረድበት ይታገላል»፤ ይኸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኳችሁ፣ ደቂቃም አልፈጀ። ምን አገኛችሁ? ልጄ ያገኘችው ሌላ ነው። እናቱን ያጣው ኤፍሬም ወጥ ቤት ገብቶ ሲሠራ፣ ወንድ ልጅ ነህ ተብሎ ሲነቀፍ አየች። በጓን አየች፣ በኋላም ቹኒ እያለች ዋለች። ማታ ስትተኛ «አባዬ፣ የፋሲካው በግ ስም አለው?» አለችኝ። የዚህን መልስ የምታውቁ ላኩልኝ።

የመጨረሻውና ጠንካራው ክርክር ይኼ ነው፦ «እኛ ድሮም የትረካ ሕዝብ ነን። ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ሲተርክ አገር ቆሞ አልነበረም?» ነበር! ወጋየሁ ግን ጉዱ ካሳን «ይህ ሰው» አላለውም። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በአሥራ አንድ ደቂቃ አላጋባም፣ አልቀበረም። ሐዲስ አለማየሁ የጻፉትን ነው ሕይወት ዘርቶ ያነበበው፤ ሰውም ቀጣዩን ክፍል ቀን እየቆጠረ ነው የጠበቀው። እሱ መጽሐፉን ወደ ሰው አመጣ። እነዚህኞቹ ሰውን ከፊልሙ ያሸሻሉ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ዓርብ ዕለት ኮሪደር ላይ ያለኝን ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ። «ቲቸር፣ እርስዎም እኮ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሦስት ገጽ ሃንድአውት ነው የሰጡን» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው። ፈተና ደርሶ ነበር፣ ላይብረሪ ያሉት ቅጂዎች ለክፍሉ አይበቁም ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። ሦስት ገጽ ጻፍኩ፦ ገጸ ባሕርያት፣ ጭብጥ፣ የታሪኩ ማጠቃለያ። ተማሪዎቼ በሙሉ አለፉ። አንድም ሰው መጽሐፉን አላነበበም። ታሪኩን ማወቅ ሥራውን ማወቅ ነው ብሎ ያስተማራቸው ስልኩ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ የመጣው እኔ ካስተማርኳቸው በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንኩ። ያንን ሃንድአውት ቀደድኩት፤ ዘንድሮ አንድ ምዕራፍም ቢሆን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለን ሙሉውን እናነባለን። ሁለተኛ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ፕሮጀክተር ተውሼ «ጤዛ»ን ለክፍሌ ላሳይ ነው። መግቢያ የለውም። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ሲያልቅ ማንም ታሪኩን እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ እያንዳንዱ ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይነግረኛል።

ስድስቱም እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል። ሰባተኛዋ «እሷ ትንገረኝ» ስትል አልፈቀድኩላትም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ያንን ሦስት ገጽ ተቀብላችሁ ያለፋችሁ ሁሉ፦ ይቅርታ። መጽሐፉ አሁንም ይሸጣል። ፊልም ቤቱም ካለበት ሂዱ። ከዚያ መጥታችሁ «አይቼዋለሁ» በሉኝ፤ ያኔ እንከራከራለን።