«ቻይው» ያለሽ ማነው?

የዛሬው ጨዋታችን ፊት ያቀላል። ያፈረ ካለ ገጹን አጠፍ አድርጎ ብቻውን ያንብበው፤ ግን እንዳይዘለው።

ጠያቂያችን ጎርጎራ ተወልዳ ያደገች፣ ባሕር ዳር ትዳር የያዘች የ24 ዓመት ወጣት ናት። ከተጋባች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ትወደዋለች፣ ግን አልጋ ላይ ሕመም እንጂ ደስታ አታውቅም። ጥርሷን ነክሳ ትችላለች፣ የረካች ትመስላለች። ለአክስቷ ብትነግራቸው «ቻይው፣ ይለመዳል» አሏት። ባል ደግሞ ሰሞኑን «ቀዝቃዛ ነሽ» ማለት ጀምሯል። ተደብቃ ስልኳ ላይ ብትፈልግ አንዱ ቅባት ሊሸጥላት፣ ሌላው ፊልም ሊያሳያት! በሕፃንነቷ መገረዟን ከእናቷ ሰምታለችና ጥያቄዋ አንድ ነው፤ በቃ፣ እኔ ከእንግዲህ ሴት አይደለሁም ወይ?

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትንና የጠየቅኩትን ግን እነግርሻለሁ። ሴት ነሽ፤ ያውም ሙሉ።

ብቻሽንም አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ወንጀል ቢያደርገውም ያንቺ እድሜ ልጆች እዳውን ተሸክመውታል። ጉዳቱ እውነት ነው። ጠባሳው ሊያም፣ ስሜትንም ሊቀንስ ይችላል። ግን ሁሉንም አይወስድም። ሔለን ኦኮኔል የተባለች አውስትራሊያዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ቂንጥር (ስሙን ስንጽፈው አትሸማቀቁ!) ውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ትልቁ አካሉ ከውስጥ ሆኖ የብልትን በር ግራና ቀኝ አቅፎ ተቀምጧል። የምላጭ እጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ አይደርስም። ለዚህም ነው ተገርዘው የሚረኩ ብዙ ሴቶች ያሉት።

ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰውነት ሳይዘጋጅና ሳይረጥብ ሲጀመር ያማል። ፍርሃት ጡንቻን ያኮማትራል። የብልት ኢንፌክሽን አለ፣ የግርዛት ጠባሳ አለ። የምታጠባ ሴትም ድርቀት ሊያስቸግራት ይችላል። ይህን የሚለየው የማህፀን ሐኪም ነው። ባሕር ዳር ላይ ሆነሽ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ሴት ሐኪም ትየኝ ብለሽ ብትጠይቂም ነውር የለውም። ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽማ ነገ ዛሬ አትበይ። እስከዚያው በሳሙና ውስጥ ድረስ መታጠቡን ተዪው፤ ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። የስልኩንም ቅባት አትግዢ። አስተማሪና ነጋዴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አስተማሪ ሰውነትሽን ያስረዳሻል፣ ነጋዴ ሰውነትሽን ያስጠላሽና መድኃኒቱን ይሸጥልሻል። ፊልሙም ቢሆን ሥራ ነው፤ ተዋናይዋ የምትጮኸው ተከፍሏት ነው።

አሁን ወደ ወንዶቹ። ወንድሜ፣ ሚስትህን «ቀዝቃዛ» ከማለትህ በፊት ምድጃው መቼ ተለኮሰ ብለህ ራስህን ጠይቅ። ብዙ ሴቶች በግንኙነቱ ብቻ አይረኩም። መዳሰስ፣ መሳም፣ ጨዋታ፣ ጊዜ ይፈልጋሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የት ደስ እንደሚላት የምታውቀው እሷ ናት፤ ጠይቃት። ስታምም ደግሞ አቁም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው። ሕጉ መኝታ ቤትህ ደጃፍ ላይ ቢቆም፣ ፍቅር ግን እዚያ አይቆምም። «እንቢ» ያለች ሚስት እንቢ ብላለች።

አንቺም እህቴ፣ ማስመሰሉን ተዪው። የረካች ከመሰልሽው ምን ብሎ ይለወጥ? አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ፣ ጣና ዳር ወክ ስታደርጉ ንገሪው። «እወድሃለሁ፣ ግን ያመኛል፤ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ» በይው። እስኪሻልሽ ድረስ ግንኙነቱን ማቆየት፣ በመተቃቀፍና በመሳሳም መቆየት ትችላላችሁ። ደህና ባል ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ይሆናል እንጂ አይቆጣም። ከተቆጣ ደግሞ ችግሩ ያንቺ ሰውነት አለመሆኑን ቢያንስ ታውቂያለሽ።

ለአክስትሽም በአክብሮት ንገሪልኝ። እሳቸውም «ቻይው» ተብለው ነው ያደጉት፤ አልፈርድባቸውም። ነገ ሴት ልጅ ስትወልጂ ግን ምላጩም ምክሩም አንቺ ጋ ይቁም።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!