ወደ ውሃው መንገድ ተዉልን

ይድረስ በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ሎጅና መዝናኛ ለምታስተዳድሩ ባለሀብቶች፤ እንዲሁም የዳርቻውን መሬት ለምትሰጡና ውሉን ለምታድሱ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች።

እኔ ላንጋኖ ላይ በሸራ ከሚንሸራተቱ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስፖርቱ ዊንድሰርፊንግ ይባላል። ከብዙዎቻችሁ ጋር በየበራችሁ ተገናኝተናል፤ አንዳንዶቻችሁ በደግነት አስገብታችሁናል፣ ቡና ጋብዛችሁናል፣ ዕቃችንን አስቀምጣችሁልናል። ያንን አልረሳም። ዛሬ የምለምናችሁ ግን በእናንተ ደግነት ላይ ሳይንጠለጠል የሚኖር ነገር ነው፦ ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ የሚያደርስ፣ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያልፍበት መንገድ፣ ጫፉ ላይም ሸራ የሚዘረጋበት ጠፍ ሜዳ።

ላንጋኖ ለምን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ የምትባለውን ባቱን አልፎ፣ በስተግራ ያለው ይህ ሐይቅ ለእኛ ምትክ የለውም። ጣናም ሐዋሳም ቢልሃርዝያ አለባቸው፤ ላንጋኖ ግን ሰው ሳይሳቀቅ የሚዋኝበት ሐይቅ ሆኖ ኖሯል። ቡናማ ቀለሙን አይቶ የሚሸሽ እንግዳ አለ። ቆሻሻ መስሎት ነው እንጂ ነፋሱ ዘወትር የሚያናውጠው ደቃቅ ደለል ነው። ነፋሱም ቢሆን በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለ ማንም ሰው የሚያውቀው ነው፤ ጠዋት ረግቶ ያረፈደው ውሃ ከምሳ በኋላ ነጭ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ለመዋኘት የመጣ እንግዳ ያን ጊዜ ፎጣውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እኛ የምንጠብቀው ያንን ሰዓት ነው።

ስፖርቱን ላላያችሁት በአጭሩ ልግለጸው። አንድ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ቦርድ አለ፤ በላዩ ምሰሶና ሸራ ተተክሏል። ምሰሶው ከቦርዱ ጋር የሚያያዘው ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚታጠፍ መጋጠሚያ ስለሆነ ሰውየው ሸራውን በእጁ እያዘነበለ አቅጣጫ ይይዛል፤ መሪ የለውም። ሆይል ሽዋይዘርና ጂም ድሬክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በዚህ አሠራር ላይ የፈጠራ መብት የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ሞተር የለውም፣ ነዳጅ አያንጠባጥብም፣ ድምፅ የለውም፤ ከሐይቁ የሚወስደውም በሐይቁ የሚተወውም ነገር የለም። በሞተር ጀልባ ጩኸት እንግዶቻችሁ የተማረሩባችሁ ሰዎች ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ምሰሶው ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ምሰሶው በጠርዙ ባለው ኪስ ውስጥ አልፎ፣ በገመድ ተስቦ እስኪወጠር ድረስ ሁለት መኪና የሚያቆም ያህል ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ሣር ወይም አሸዋ ቢሆን ነው ደጉ። የላንጋኖ ዳርቻ ግራር ነው፤ አንዲት የግራር እሾህ አዲስ ሸራ ትበሳለች። ከዚያ ደግሞ ነፋሱ ሳይሰበር መድረስ አለበት። ነፋስ ግንብ ሲገጥመው ዘሎት በቀጥታ አይሄድም፤ ይገለበጣል፣ ይሽከረከራል፣ የግንቡን ቁመት ብዙ እጥፍ ያህል ርቀት ድረስም ውሃው ላይ የተረበሸ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በውሃው አፋፍ ላይ የሚሠራ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከቆመ፣ ከፊቱ ያለውን ዳርቻ ለጀማሪ የማይሆን ያደርገዋል። ይህን አስቦ ፕላን ያጸደቀ መሐንዲስ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ማንም ስላልነገረው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መውጫው ነው። በሸራ የሚሄድ ሰው ነፋሱ ቢከዳው ወይም ዕቃው ቢሰበርበት ወደ ተነሣበት ቦታ መመለስ አይችልም፤ ነፋሱ ወደ ገፋው ይሄዳል፣ ወደ ደረሰበትም ይወጣል። ለዚህ ነው አጥር ለእኛ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮን የሚወጣ ወጣት መጋጠሚያው ተሰብሮበት፣ ነፋሱ ወስዶት፣ ከመነሻችን ርቆ አንድ መዝናኛ ፊት ለፊት ወጣ። ደክሞታል፣ በርዶታል፣ ጉልበቱ ደምቷል። ጥበቃው “እንግዳ ካልሆንክ በዚህ ማለፍ አይቻልም” አለው። የመግቢያ ክፈል ተባለ፤ በዋና ልብስ ያለ ሰው ገንዘብ ከየት ያመጣል? ሊመሽ ሲል እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየሄደ፣ አጥሩን በጫፉ ዞሮ፣ ቦርዱን እየጎተተ ነው ወደ እኛ የደረሰው። ጥበቃውን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ያን ልጅ በዓይኑ ቢያየው ኖሮ ግን እንዲያልፍ ይፈቅድለት ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ያንን ስለማምን ነው።

አጥሩን በጫፉ ዞሮ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጽ። በአንዳንድ ቦታ እሾሃማው ሽቦ ውሃው ጠርዝ ላይ አያበቃም፤ ከብትም ሰውም ጥልቀት በሌለው ውሃ በኩል እንዳያልፍ ተብሎ ወደ ሐይቁ ውስጥ ይዘልቃል። ዳር ላይ አምስት መስመር ሽቦ ይታያል፤ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲባል ሦስት፤ ከዚያ የቋሚዎቹ ጫፍ ብቻ። መጨረሻ ላይ ያለው ቋሚ ወድቆ ወይም በስብሶ ከሆነ ምንም አይታይም። ላንጋኖ ደግሞ ቡናማ ነው፤ አንድ ክንድ ታች ያለውን ነገር ዓይን አያየውም። በፍጥነት የሚመጣ ቦርድ ከሥሩ ያለው ክንፍ በዚያ ሽቦ ቢያዝ ሰውየው በግንባሩ ይወረወራል። ለሚዋኝ ሕፃን ምን ሊሆን እንደሚችል ለመናገር አፌ አይደፍርም። ሌላውን ልመናዬን ሁሉ ብትነፍጉኝ እንኳ ይህን አንዱን አድርጉልኝ፤ ውሃ ውስጥ ያለውን ሽቦ አውጡ።

የእናንተንም ወገን አውቃለሁ። ገንዘባችሁን አፍስሳችኋል፣ ብድር አለባችሁ፣ እንግዳችሁ የከፈለው ለጸጥታ ነው። ባለፉት ዓመታት በነበረው አለመረጋጋት የተቃጠለና የተዘረፈ ንብረት እንደነበረም ማንም አይክድም፤ በዚያ ያለፈ ሰው አጥር ቢያጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዙሪያውን የተዘጋ ዳርቻ ንብረትን ይጠብቃል ብዬ አላምንም። ጎረቤቱ ወደ ውሃው የሚወርድበትን መንገድ ያጣ ሎጅ ቂም ታቅፎ ነው የሚያድረው። ሎጁ በር ላይ ሥራ ያለው፣ ከብቱን በሰላም የሚያጠጣ፣ ልጁ ዋና የሚማርበት ጎረቤት ከየትኛውም ሽቦ ይሻላል።

በሕግ በኩልም ነገሩ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱን ውሃ በሙሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል። የያዛችሁት የመሬት ውል ነው፤ ሐይቁን በሊዝ የሰጠ ማንም የለም። የጋራ የሆነ ውሃ መድረሻው ሁሉ ከተዘጋ የጋራነቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው፤ ባለሀብቱ የታጠረውን ያጠረው በሰጣችሁት ካርታ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ፈተና አልፎበታል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአፈርና በቆሻሻ እየተሞላ ለግንባታ ይውል ነበር፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬይ ኬር፣ ሲልቪያ ማክላፍሊንና ኤስተር ጉሊክ የተባሉ ሦስት የበርክሊ ሴቶች ተነሡ። በ1965 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ ከጊዜ በኋላም ዳርቻው ላይ የሚገነባ ማንኛውም ሰው ፈቃድ የሚያገኘው በተቻለ መጠን ሰፊ የሕዝብ መዳረሻ ሲተው ሆነ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ሆቴሎቹም አሉ፤ በመስኮታቸው ፊት ሕዝብ እየሄደና እየሮጠ ይሠራሉ። ክሪሲ ፊልድ የተባለው የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ በ2001 መናፈሻ ሆኖ ሲከፈት፣ በወርቃማው በር ድልድይ ሥር ሸራ የሚዘረጉ ሰዎች ሣራቸውንና የውሃ መግቢያቸውን አግኝተዋል። እዚያ መዳረሻውን ያስገኘው የባለሀብት ቸርነት ሳይሆን በፈቃዱ ላይ የተጻፈ አንድ ግዴታ ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ ለመጻፍ ሀብታም ሀገር መሆን አያስፈልግም።

እኛ ጥቂቶች ነን። ሸራ ያለው ሰው ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፤ ለእኛ ሲባል ብቻ ዳርቻ ይከፈት ብል ያስነቅፈኛል። በሁለት አጥር መካከል በቀረች ጠባብ መተላለፊያ ከብቱን እየነዳ ለማጠጣት የሚወርደው አርብቶ አደር ከእኔ ይቀድማል። ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ዓሣ አጥማጅም ይቀድማል፤ መረቡን የሚጥልበትን ጠይቀን ርቀን መሄድ የእኛ ግዴታ ነው። ከአዲስ አበባ በኪራይ ሚኒባስ ልጆቹን ይዞ መጥቶ በር ላይ የተጠየቀው ዋጋ ከብዶት የተመለሰ አባትም አለ። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር አንድ መንገድ ይበቃናል። ጠዋት ከብቱ ይጠጣበታል፣ ረፋዱን ሕፃናት ይዋኙበታል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እኛ እንነሣበታለን።

እንግዲህ በተግባር የምጠይቀው ይኸው ነው። ኃላፊዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ በምትሰጡትና በምታድሱት ውል ሁሉ በይዞታዎች መካከል እስከ ውሃው የሚዘልቅ፣ ፒክአፕ የሚያሳልፍ ክፍት መንገድ አስምሩ፤ በውሃው ጠርዝም ሰው ቦርድ ተሸክሞ የሚያልፍበት ያህል ሳይታጠር ይቅር። ከእነዚህ መንገዶች ቢያንስ አንዱ ነፋሱ ሳይሰበር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ አካባቢውንም ግንብ አይክበበው። ባለሀብቶች፣ ለጥበቃዎቻችሁ አንድ ትእዛዝ ስጡ፦ ከውሃ የወጣ ሰው ማንነቱ ሳይጠየቅ በበሩ ይለፍ። ለመኪና ማቆሚያ፣ ለመጸዳጃና ለገላ መታጠቢያ ክፍያ ብትጠይቁ በደስታ እንከፍላለን። በር ላይ ቆመው ሸራችንን ሲያዩ የሚውሉ የአካባቢው ወጣቶች አሉ፤ ዋና አስተምረን፣ ላይፍ ጃኬት አልብሰን፣ ነገ የእናንተን እንግዶች የሚያሠለጥኑና ከውሃ የሚያወጡ ሰዎች ልናደርጋቸው ፈቃደኞች ነን። ላንጋኖ በዓመት ስንት ሰው እንደሚበላ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ከመካከላችሁ አንዱ እንኳ “የእኔን ጥግ ልተው” ካለ፣ ድንጋዩን ለመልቀም፣ እሾሁን ለማቃጠል፣ የወደቀውን ሽቦ ከውሃ ለማውጣት እኛ እንመጣለን፤ መቁረጫውንም ጓንቱንም ይዘን። ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ደግሞ ውሃው የረጋ ስለሆነ ለሥራው ይመቻል።

ከአክብሮት ጋር
ላንጋኖ ላይ ሸራ ከሚዘረጉት አንዱ