አንድ ካርድና ሁለት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ፥ የይፋትን ቆላ አቋርጦ፥ በኮምቦልቻ በኩል እስከ አሰብ ወደብ ያደርስ ነበር። የኤርትራ ተወላጅ ሾፌርና ነጋዴም ተመላልሶበታል።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ነፃነት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፥ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ከ57 ሺህ በላይ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጡ። አስቀድሞ በታኅሣሥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተቃውሞ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ውጤቱ ግን 99.8 በመቶ «ነፃነት» ሆነ።

በመካከላችን የሚኖረው ኤርትራዊ ይህን በሰማ ጊዜ ምን ተሰማው? ለትውልድ አገሩ ደስ ቢለው አያስነቅፈውም። ይሁን እንጂ ካርዱ የጠየቀው ስለ አገር እንጂ ስለ ቤቱ፥ ስለ ሥራውና እዚህ ስለ ወለዳቸው ልጆች አልነበረም። ስለዚህ በማግሥቱ ሱቁን እንደ ወትሮው ከፈተ።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ግን ያ ድምፅ የባዕድነት ማስረጃ ተብሎ ብዙዎች ከአገር ተባረሩ። የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. እነዚህ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደ ነበራቸው ወሰነ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው ይህን የሰማው።

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ሕዝብን መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልሱ በነዋሪው ዜግነት ላይ የሚያስከትለውን ሕጉ አስቀድሞ ይናገር። ነገ እንዲህ ያለውን ደንብ የምታረቁ ወጣቶች ሆይ፥ ይህን አትዘንጉ።